የእመት ዳማ ዋስ

ይህችን አገር በካርታ ላይ ብትፈልጓት አታገኟትም። ስሟን የሚያውቁት ሰዎች ለጠያቂው ሁሉ መንገር ሰልችቷቸው አንድ በአንድ ዝም አሉ፤ እኔም ንገሩኝ ብዬ አልጨቀጨቅኋቸውም። ሰንበሌጥ የምትባለው መንደር ግን ቆላ ውስጥ፣ ሣሩ ሰው በሚውጥበት ሜዳ ዳር እንደነበረች፣ በሜዳውም ላይ አንበሳ እንደነበረ አጥብቀው ነግረውኛል። ታሪኩ ስለ አንበሳ ነው ይባላል። እኔ ግን ሁልጊዜ የምጀምረው ከይርገዱ ጉልበት ነው፤ ጉልበቷን ያማት ነበርና።

ሰንበሌጥ ውስጥ አንበሳ ያለ ዋስ አይኖርም ነበር። ሰው ሲከሰስ «ዋስ ጥራ» ይባላል። አንበሳ ግን መጥራት ስለማይችል መንደሩ ይጠራለታል። አዲስ አንበሳ በሜዳው ላይ ታየ በተባለ ዕለት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰው ሁሉ ይሰበሰብና ሽማግሌው «ለዚህ እንስሳ የሚቆም ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሚቆም ከጠፋ ጦር ያለው ሁሉ ሊገድለው ይችላል። አንድ ሰው ከቆመ ግን ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል።

«ቢበላስ?»

«እኔ ልጠየቅ።»

«ቢሸሽስ?»

«እኔ ልፈለግ።»

«ቢሞትስ?»

«እኔ ልቀመጥ።»

መቀመጥ ማለት እንዲህ ነው። አንበሳው የሞተ እንደሆነ ዋሱ በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ፣ አንበሳው ይተኛበት በነበረው ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ማታ ቤቱ ይገባል፣ ጠዋት ይመለሳል። የሚነሣው ሌላ አንበሳ መጥቶ ሌላ ሰው ዋስ ሲቆምለት ብቻ ነው። በዚያን ዘመን አንበሳ አይጠፋም ነበርና ከሳምንት በላይ የተቀመጠ ሰው አይታወስም።

እንግዶች መምጣት የጀመሩት መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አንበሳ ካለቀባቸው አገሮች ነበር የሚመጡት። ያን ሁሉ መንገድ የሚጓዙት ሊበላቸው የሚችለውን ነገር ለማየት መሆኑ ለሰንበሌጥ ሰው አልገባውም። አንዳንዱ የጤና አይደለም አለ፤ አንዳንዱም አገራቸው ቢሰለቻቸው ነው አለ። ሽማግሌዎቹ ግን ተቀምጠው መከሩና እንግዶቹን የሚመለከት ሕግ አወጡ። አንበሳ ያየ እንግዳ ለመንደሩ አንዲት ጊደር ወይም አንድ ወይፈን ይሰጣል፤ ከመሄዱ በፊት ደግሞ አንድ ክንድ የእሾህ አጥር በገዛ እጁ ያጥራል። ከብቶቹ የእንግዳ በረት በሚባል ትልቅ በረት ውስጥ ይውላሉ ያድራሉ። አንበሳ ላም የበላበት ሰው በማግሥቱ የአንበሳውን ዋስ ይዞ ወደዚያ በረት ይሄድና የወደዳትን መርጦ ይነዳል። ነገሩ በዚያው ያልቃል፤ ክስ የለም፣ ቂም የለም።

አጥሩ ደግሞ የመንደሩ ጨዋታ ነበር። ትልቅ ሰው ባርኔጣውን እንደደፋ ከበረት ሥር ተንበርክኮ፣ የግራር ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ሊያጠላልፍ ሲታገል፣ እሾህ ሲወጋውም በማይታወቅ ቋንቋ ሲራገም ማየት ያስቅ ነበር። ሴቶቹ ሄደው እጁን ይዘው ያሳዩታል። ሲጨርስ የደማ ጣቱን እያሳየ እንደ ጀግና ይጎማለላል። እንዲህ እንዲህ እያለ የበረቱ ሁሉ አጥር ከሰው ቁመት በላይ ሆነ፤ ውፍረቱም እጅ አያሳልፍም። አንበሳ ትመጣለች፣ አጥሩን ትዞራለች፣ አሽትታ ትሄድና እርሻ የሚያጠፋውን ከርከሮ ትበላለች። ይወዷት ነበር አልላችሁም። ነገር ግን ጠዋት ዱካዋን ሲያዩ ትዝ የሚላቸው የሚመጣው እንግዳ ነበር እንጂ ጦራቸው አልነበረም።

ይርገዱ ለእመት ዳማ የቆመችው ባሏ በሞተ በዓመቱ ነው። ዳማ ገና ግልገልነቷን ያልጨረሰች፣ አንድ ጆሮዋ የተቆረጠ እንስሳ ነበረች። «እመት» የሚለውን የጨመሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ አረማመዷ እንደ ባላባት ሚስት ነው ብለው። ለምን እንደቆመች ሲጠይቋት ይርገዱ «ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ሲያይ ጊዜ ቀና ያልኩት እኔ ሆንኩ» ትል ነበር። ከዚያ በኋላ ለአሥራ ሁለት ዓመት ዱካዋን እያነበበች እንግዶችን መራች። የእመት ዳማን ዱካ ከሌላው የምትለየው የኋላ ግራ እግሯን ትንሽ ስለምትጎትት ነው። ይርገዱም ከጊዜ በኋላ የግራ እግሯን መጎተት ስትጀምር መንደሩ ብዙ ሳቀባት።

የአገሩ ንጉሥ ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር፤ ባያውቅም ደህና ነበር። አንድ ቀን ግን አንድ እንግዳ ወደ አገሩ ሲመለስ ቤተ መንግሥት ጎራ አለና «በአገርዎ አንበሳ አየሁ፤ ይኸው እጄም ደማ!» ብሎ በደስታ ጣቱን አሳየ። ንጉሡ ደስታውን አላየም፤ ደሙን ብቻ አየ። በግዛቴ የእንግዳ ደም ፈሰሰ ብሎ ሦስት ቀን ከእልፍኙ አልወጣም። በአራተኛው ቀን የአራዊት አጋፋሪ የሚባል ሹመት ፈጥሮ፣ ወንድይራድ የሚባል መልከ መልካም ሰው ሾሞ ላከ።

አጋፋሪ ወንድይራድ በበቅሎ መጣ፤ ከኋላው መዝገብ የተሸከሙ ሰባት አህዮች ነበሩ። ሕዝቡን ሰብስቦ አዋጅ አነበበ። ከእንግዲህ እንግዳ ሁሉ የንጉሡ እንግዳ ነው። የንጉሡ እንግዳ እጅ እሾህ አይነካም። የንጉሡ እንግዳ የጠየቀውም ነገር አይከለከልም። አንበሶችም የዘውድ አሽከሮች ናቸውና በመዝገብ ይሰፍራሉ፣ ማዕረግ ይሰጣቸዋል። የዘውድ አሽከር ደግሞ አይሰርቅም፤ ስለዚህ በዚህ አገር አንበሳ ላም በላ ማለት ዘውዱን ሌባ ማለት ነው። በእንግዳ በረት ያሉት ከብቶች ለደኅንነታቸው ሲባል ወደ አጋፋሪው ግቢ ይወሰዳሉ።

«ዋሶቹስ?» ብሎ ጠየቀ ሽማግሌው።

አጋፋሪው መዝገቡን አገላበጠ። «ዋስ የሚል ነገር እዚህ የለም። ቢኖርም አይጎዳም። ይቆዩ።»

እንዲህ ሆኖ ቀረ። ከብቶቹ በአንድ ጠዋት ተነድተው ሄዱ። በሜዳው ዳር የእንጨት ማማ ተሠራ፤ እንግዶች ከላዩ ሆነው አንበሳ የሚያዩት በሦስት ሰዓት ነው ተባለ። ዳማ ግን ሰዓት አታውቅም። ሦስት ሰዓት ላይ ከግራሯ ሥር እንድትገኝ በየጠዋቱ ሥጋ ይጣልላት ጀመር። እሷም ለመደች፤ ሰው ባለበት ሥጋ እንደሚገኝ ተማረች። ዝናብ በመጣ ጊዜ እንግዶች ሲቀሩ ሥጋውም ቀረ። ያን ጊዜ ሰው ወዳለበት ሥጋ ፍለጋ መጣች።

አጥሩም እየፈረሰ ነበር። እዚህ ላይ ጥፋቱ ሁሉ የአጋፋሪው ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አይደለም። የሰንበሌጥ ሰዎች ስንት ዓመት አጥራቸውን እንግዳ ሲያጥርላቸው ኖረው፣ የእንግዳ እጅ ያልነካው አጥር አንበሳ አያቆምም የሚል እምነት ይዟቸው ነበር። ማን እንዳመጣው አይታወቅም፤ ለሳቅ የተባለ ነገር ይሆናል። ግን አጥሩ ሲሳሳ፣ ምስጥ ሲበላው፣ ፍየል ሲያሾልክ እያዩ፣ እሾህ በደጃቸው ሞልቶ እያለ፣ እጃቸውን አጣጥፈው እንግዳ ይጠብቁ ነበር። ይርገዱም እንደ እነሱ ጠብቃለች። በኋላ ከሁሉ የበለጠ ያናደዳት ይኸው ነው።

ዳማ ሁለት ግልገሎች ወልዳ ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥም አራት ላሞች በላች። የእንግዳ በረት ባዶ ስለሆነ ይርገዱ ከራሷ በረት ሰጠች። «እኔ ልጠየቅ» ብላ የለ! አንዲቱን ለመበለቲቱ፣ ሁለተኛዋን ለአንጥረኛው፣ ሦስተኛዋን ለጎረቤቷ ለቢምረው። አራተኛዋ ስትበላ የሚሰጥ አልነበራትም። አራተኛዋም የቢምረው ነበረች፤ ያውም ያችው ይርገዱ የሰጠችው።

ቢምረው ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ከይርገዱ ደጃፍ መጥቶ ቆመ። ግባ ብትለው እንቢ አለ።

«እታለም፣ የመጀመሪያዋ ላሜ ስትበላ ያንቺን ነዳሁ። አፍሬ ነው የነዳሁት። አሁን ደግሞ እሷኑ በላችብኝ።»

«አውቃለሁ፣ ወንድሜ።»

«የማርሰው በማን በሬ እንደሆነ ታውቂያለሽ። በሰው በሬ ነው። ልጆቼ የሚጠጡት የዚያች ላም ወተት ነበር። ሁለት ጊዜ አጋፋሪው ግቢ ሄጄ ላሟ ፈቅዳ ነው የሞተችው ብለውኛል።»

«አሁን ምን ላድርግልህ?»

«እስከ ገበያ ቀን እጠብቃለሁ። ላም ከመጣ መጣ። ካልመጣ የተረፈው ሥጋ ሜዳው ላይ አለ፤ እሷም ትመለስበታለች፤ እኔም የምጨምርበትን አውቃለሁ።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «አንቺን ማስቀየም አልፈለግሁም። ግን ደክሞኛል።»

ይርገዱ ልትቆጣው ፈልጋ ቁጣ አጣች። እውነቱን ነው። ዳማም ወዳ አልበላችም። ማንን ትቆጣ? በትሯን ይዛ ወደ አጋፋሪው ግቢ ሄደች፤ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ለእሷ ጉልበት ግን ቀን ተኩል ሆነ። ሁለት ቀን ደጅ ጠናች። ከእሷ ጋር ደጅ የሚጠኑት ሁሉ ላም ያለቀባቸው ነበሩ፤ አንዱ ሰው ከመጣ ስምንት ወሩ ነበር፤ ከግቢው አጥር ሥር ጎመን ዘርቶ እየበላ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አስገቧት። አጋፋሪ ወንድይራድ ብዕሩን አጥቅሶ ጠበቃት።

«ላሟ ሮጣለች ወይስ አልሮጠችም?»

«እኔ አላየሁም፣ ጌታዬ።»

«ካልሮጠች ፈቅዳለች። ከሮጠች የሞተችው በድካም ነው። የትኛውን ልጻፍ?»

«አንገቷ ላይ የጥርስ ምልክት አለ።»

«የማን ጥርስ?»

«የዳማ።»

አጋፋሪው ሌላ መዝገብ አስመጣና ጣቱን በመስመሩ ላይ አስኬደ። «ዳማ። የሜዳው እልፍኝ አስከልካይ። ጠባይዋ መልካም፣ ሰዓት አክባሪ፣ ክስ የለባትም። ሴትዮ፣ ይህችን ነው የምትወነጅያት?»

«አልወነጅላትም፤ ዋሷ ነኝ። ልትሞትብኝ ነው። ከእንግዳ በረት ከመጡት አንዲት ላም ይስጡኝና ልሂድ። አንዲት ብቻ። ካልሆነ ይመርዟታል።»

«ከብቶቹማ…» አለና ብዕሩን አስቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያፈረ መሰለ። «ስለ አንበሶች ደኅንነት በየወሩ ግብር ይበላል። ከብቶቹ እዚያ ላይ ውለዋል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። በክብር።»

ይርገዱ ሳቋ መጣ፤ ግን ለመሳቅም አቅም አጣች። አጋፋሪው አዘነላት መሰለኝ፣ ባዶ እጇን አልሰደዳትም። ለእመት ዳማ ማዕረግ ጨመረላትና ባንገቷ የሚታሰር ቀይ ጥብጣብ ሰጣት። ይርገዱ ጥብጣቡን በመቀነቷ ቋጥራ መንገድ ጀመረች። እግሯ እንቢ እያላት በየጥላው ታርፍ ነበር። መንደር ስትደርስ የገበያው ቀን ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር።

ከሩቅ አሞሮቹን አየች። መጠየቅ አላስፈለጋትም። እመት ዳማ ከግራሯ ሥር፣ ሁልጊዜ በምትተኛበት በኩል ተጋድማ ነበር። አንድ ግልገሏ ከጎኗ ሞቷል፤ ሁለተኛዋ የለችም። ይርገዱ እጇን በተቆረጠው ጆሮ ላይ አድርጋ ብዙ አለቀሰች። በአሥራ ሁለት ዓመት ነክታት አታውቅም ነበር።

ቢምረውን ከበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ዘገየሽ፣ እታለም።»

«ዘገየሁ።»

«ላሟ ትመጣለች ብዬ አንድ ቀን ጨመርኩልሽ። ላሟን ብቻ አይደለም የጠበቅሁት፤ አንቺንም ነው። ከዚያ…» እጁን አየ። «ግልገሎቹን አላሰብኳቸውም።»

ይርገዱ በትሯን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች። በማግሥቱ ጠዋት፣ ሁሉ እያየ፣ ሄዳ ከግራሩ ሥር ተቀመጠች። ቃል ቃል ነው።

በሳምንቱ የአጋፋሪው ዘበኛ መጣ። ጠጉሩ የሸበተ፣ ብዙ ሥራ ያየ ሰው ነበር። የነብር ይሁን የአንበሳ መልክ ያለው ቡላ ብርድ ልብስ ይዞ ፊቷ ቆመ።

«እትዬ፣ አጋፋሪው እንዲህ ብለዋል። በመዝገብ ያለ አንበሳ ያለ ፈቃድ አይሞትም። ስለዚህ እመት ዳማ አልሞተችም። እርስዎ መቀመጥዎን ሰምተዋል፤ ይቀመጡ፣ ክልከላ የለም። ብቻ ሦስት ሰዓት ላይ ይህን ይልበሱ።»

«ለምን?»

ዘበኛው ወደ ማማው አየ። «ከዚያ ላይ ልዩነቱ አይታይም።»

ይርገዱ ዝንብ ይከላከልልኛል ብላ ተቀበለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዶች ከማማው ላይ ሆነው አንበሳዋን ያዩ ጀመር። «ዛሬ ተኝታለች» ይባላሉ። አንዳንዴ ይርገዱ ጉልበቷ ሲቆረጥማት እግሯን ትዘረጋለች፤ ያን ጊዜ ከላይ ጭብጨባ ይሰማል። አንድ ክረምት አለፈ፣ በጋውም ተጋመሰ። ሌላ አንበሳ አልመጣም። አንበሳ የሚመጣበት አገር አልነበረም፤ በየመንደሩ ሥጋና መርዝ ነበር። እንግዶቹም እያነሱ ሄዱ፤ የማትንቀሳቀስ አንበሳ ለማየት ማን ይመጣል? እንግዳ ሲያንስ ስለ አንበሳ የሚያስብ አነሰ። ከርከሮው በቆሎውን ጨረሰው።

ይርገዱ ቤቷ ለመተኛት ብቻ የምትገባ ሆነች። አንዳንዴ ቁጭ ባለችበት ለራሷ ትናገር ነበር፤ «መቆም ቀላል ነበር» ትላለች። እጅ ሥራ ሲፈታ አሳብ ይበዛል ብላ፣ አጠገቧ የወደቀውን የግራር ቅርንጫፍ እያነሣች ታጠላልፍ ጀመር። እንግዶችን ስንት ዓመት ስታስተምር የነበረውን አጥር ራሷ አጥራው አታውቅም ነበር። አንድ ክንድ ሞላ፣ ሁለት ሞላ። ገፋችው፤ አልነቃነቅም አለ። እንግዳ ካጠረው አጥር አያንስም ነበር። «እኛ ምን ሆነን ነው?» አለች ጮክ ብላ። የሚሰማት አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ነው ነጭ ጠጉሯን ያሳጠረች አንዲት አሮጊት እንግዳ ማማው ላይ የወጣችው። ብዙ ቆማ አየች። ከዚያ መሰላሉን ወርዳ በሣሩ መሐል ወደ ግራሩ መጣች። ዘበኛው «ክልክል ነው! ትበላዎታለች!» እያለ ከኋላዋ ሮጠ፤ እየሮጠም የምትበላት ማን እንደሆነች ትዝ ሲለው ሩጫውን ቀነሰ።

እንግዳዋ ቋንቋውን ትንሽ ትንሽ ትችል ነበር። ከይርገዱ ፊት ቆመች።

«አንበሳ አይደለሽም።»

«አይደለሁም።»

«አንቺ ዱካ የምታነቢዋ ሴት ነሽ። አጥር እጄን ይዘሽ አሳይተሽኛል። ጆሮዋ የተቆረጠው አንበሳስ?»

«ሞታለች።»

«ማን ገደላት?»

ከእነሱ ጥቂት ራቅ ብሎ ቢምረው ሣር እያጨደ ነበር። ማጭዱ ቆመ። ይርገዱ ዞራ ሳታየው እንደሰማ አወቀች። እጇን ዘርግታ ማመልከት ትችል ነበር፤ እንዲያ ብታደርግ የሚፈርድባት የለም።

«እኔ» አለች። «ዋሷ እኔ ነበርኩ።»

እንግዳዋ ነገሩ ሙሉ በሙሉ የገባት አይመስለኝም። ግን አውራ ጣቷን አውጥታ አሮጌ ጠባሳ አሳየች፤ ከአጥሩ ያገኘችው ነው። ከይርገዱ ጎን መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ እሷም ጉልበቷን ያማት ነበር መሰለኝ እህ ብላ ነው የተቀመጠችው። ወደ ዘበኛው ዞራ «እሾህ አምጣልኝ» አለችው።

ዘበኛው ላብ አጠመቀው። የንጉሡ እንግዳ እጅ እሾህ አይነካም፤ የንጉሡ እንግዳ የጠየቀውም አይከለከልም። ሁለቱንም አዋጅ በቃሉ ያውቃቸዋል። የሠላሳ ዓመት አገልግሎቱ ያስተማረውን አደረገ፤ መመሪያ ይሰጠኝ ብሎ ለአጋፋሪው ደብዳቤ ጻፈ። መልሱ እስኪመጣ ከጥላ ገብቶ ተቀመጠ። አጋፋሪው ደብዳቤውን ለቤተ መንግሥት እንዳስተላለፈው ሰምቻለሁ። መልስ እስከ ዛሬ አልመጣም፤ ዘበኛውም እዚያው ጥላ ሥር ጡረታ ወጣ ይባላል።

በማግሥቱ አሮጊቷ ሌሎች አራት እንግዶች ይዛ መጣች። በሳምንቱ አሥር ሆኑ። አንበሳ የለም ሲባሉ «ታዲያ እንድትመጣ እንጠር» አለች ይባላል። የመጀመሪያው አጥር ሲያልቅ ማሰሪያ ጠፋና ይርገዱ ቀዩን ጥብጣብ ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠች። የመንደሩ ሰው በመጀመሪያ ከሩቅ ቆሞ ያይ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ቢምረው አንድ ሸክም እሾህ ይዞ መጥቶ ጣለና ሊሄድ ዞረ።

«ወዴት ነው?» አለችው ይርገዱ። ከግራሩ ሥር ከተቀመጠች ወዲህ ያናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«የእነሱ እጅ ነው እንጂ የእኛ…»

«ይህን አየህ?» አጠገቧ ያለውን መታ መታ አደረገች። «ይህን ያጠርኩት እኔ ነኝ። ግፋው።»

ቢምረው ገፋው። ደግሞ በትከሻው ገፋው። ከዚያ አንገቱን ደፋ። ስለ ላሞቹ ይሁን ስለ ግልገሉ ያሰበው አላውቅም፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። ወደ ቤቱ ሄዶ የራሱን በረት ማጠር ጀመረ፤ እሱን ያዩ ሌሎቹም ጀመሩ። እንግዶቹ እንደ ጥንቱ ጊደርና ወይፈን ይተዉ ጀመር፤ ከብቶቹም ለጊዜው በቢምረው አዲስ አጥር ውስጥ ያድሩ ነበር። አጋፋሪው እንዳይሰማ ማንም ስም አላወጣላቸውም።

የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግሥት ቢምረው እየሮጠ ወደ ግራሩ መጣ። «ዱካ አለ» አለ። ይርገዱ በሕጉ እስከ ማታ ከተቀመጠችበት መነሣት ስለማትችል ጭቃውን ከነዱካው በአካፋ ቆርጦ አመጣላት። አየችው። ወጣት ናት፤ ሴት ናት። ከዳማ ጎን ያልተገኘችው ሁለተኛዋ ግልገል መሆን አለባት።

«በረቱን ሁለት ጊዜ ዞራዋለች» አለ ቢምረው። «ሦስት ቦታ ላይ በእግሯ ሞክራዋለች። ከዚያ ወደ ከርከሮዎቹ ሄደች።»

ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ተሰበሰበ፤ ለይርገዱ ሲባል ሸንጎው ከግራሩ ሥር ሆነ። ሽማግሌው አርጅቶ ነበርና በሰው ተደግፎ ቆመ።

«ለዚህች እንስሳ የሚቆም ማነው?»

ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ማን ይፈርድባቸዋል? መቆም ምን እንደሚያመጣ በዓይናቸው ያዩት ነው፤ እዚያው ፊታቸው ቡላ ብርድ ልብስ ለብሳ ተቀምጣለች። ይርገዱም ማንንም አላየችም። እንዲቆምላት ብላ ሰው መለመን ክብሯ አልፈቀደም። ፀሐይዋ ወደ ማማው ጫፍ ወረደች። አንድ ሰው ጦሩን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

ቢምረው ከኋላ ወጣ። እጆቹ ከእሾህ ብዛት ተቧጭረው ነበር።

«እኔ አለሁ።»

ሹክሹክታ ተነሣ። ሽማግሌው በደንብ ያልሰማ መስሎት ሁለት ጊዜ አስደገመው።

«ብትበላስ?»

«እኔ ልጠየቅ።»

«ብትሸሽስ?»

«እኔ ልፈለግ።»

«ብትሞትስ?»

ቢምረው ዞረ። ይርገዱን አየ፤ እግሯን አየ፤ በዙሪያዋ ሣር የበቀለበትን ቦታ አየ። እዚያ ቦታ ማን እንዳስቀመጣት ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሽማግሌው ሊደግም አፉን ሲከፍት ነው ድምፁ የወጣው።

«እኔ ልቀመጥ» አለ።

 ሕጉ ምን እንደሚል ሁሉም ያውቃል፤ ግን ዓመት ከስድስት ወር የተቀመጠ ሰው እንዴት እንደሚነሣ አይተው አያውቁም። ይርገዱ ብርድ ልብሱን ከትከሻዋ ላይ አውልቃ አጠፈችና ከጎኗ አስቀመጠች። ሁለት እጆቿንም ወደ ቢምረው ዘረጋች።

«በል አንሣኝ» አለችው። «ቀስ ብለህ፤ ጉልበቴን ያመኛል።»